አስታማሚውን ማን ያስታምመው?

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ በአገራችን ለሞተ ሰው ብዙ ነገር ይደረግለታል። ይለቀስለታል፥ ሙሾ ይወረድለታል፥ ፍትሐት ይደረስለታል፥ ተዝካር ይወጣለታል። የታመመም ሰው ቢሆን ይጠየቃል። በበሽተኛው አልጋ አጠገብ ተቀምጦ ሌሊቱን ስለሚያነጋው ስለ አስታማሚው ግን የሚያነሣ ሰው እምብዛም አይገኝም። እኔ ራሴ 38 ዓመት በመምህርነት ሳገለግል ልጆች ወላጆቻቸውን እንዲያከብሩ ሳላስተምር የቀረሁበት ዓመት አልነበረም። ዳሩ ግን ማክበር ማለት በአንድ ሌሊት ስንት ጊዜ መነሣት እንደ ሆነ አላውቅም ነበር። ያወቅሁት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፥ በእናቴ አልጋ አጠገብ ነው።

እናቴ ዕድሜዋ ከ80 አልፎ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ሳንጃ በሚገኘው ቤቷ ወድቃ ተገኘች። ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ በድን ሆነ፥ አንደበቷም ተሳሰረ፤ ሐኪሞች ስትሮክ የሚሉት በሽታ ነው። በትክል ድንጋይ በኩል ወደ ጎንደር ወስጄ አንድ ሆስፒታል አስተኛኋት። ከጥቂት ቀን በኋላ «ከዚህ የበለጠ የምናደርገው የለም፥ ወደ ቤት ይውሰዷት» ተባልሁ። ቃሉ እውነት ነበረ፤ በዚህ አልከስሳቸውም። የምከስሳቸው በሌላ ነገር ነው፤ ቤት ከወሰድኋት በኋላ ምን እንደማደርግ የነገረኝ አንድ ሰው እንኳ አልነበረም። መነሣት የማይችል በሽተኛ ቢያንስ በየሁለት ሰዓቱ ካልተገላበጠ ሥጋው በራሱ ክብደት ተጨቁኖ ደም ስለሚያጣ እንደሚቆስል ማንም አላስረዳኝም። በልጅነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ፥ በክሊኒኩ የነበረችው ነርስ አንዱን ሽማግሌ ሰዓት እያየች ስታገላብጥ ቆሜ አይቻለሁ። ለምን እንደምታደርገው ግን አልጠየቅሁም ነበር። ነገሩ ትዝ ያለኝ እናቴ ጀርባዋ ላይ እንደ ሽልንግ የሰፋ ቁስል ካየሁ በኋላ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ 14 ወር ሙሉ፥ እስከ ታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ድረስ፥ ሌሊቱ ለእኔ ሌሊት መሆኑ ቀረ። ሁለት ሰዓት ተኝቼ እነሣለሁ፥ አገላብጣለሁ፥ የረጠበውን አንሶላ እለውጣለሁ፥ ከንፈሯን አርሳለሁ፥ እንደገና ጋደም እላለሁ። ሳንጃ ቆላ ነው። በሚያዝያ ወር የቆርቆሮ ጣራ ስር የተኛ ሽባ ምን እንደሚሆን ያገራችን ሰው ያውቀዋል፤ ቀን ዝንቡን፥ ማታ ቢንቢውን ስከላከል እውል አድር ነበር። ሚስቴ ከሞተች ቆይታለች፥ ልጆቼም በየፊናቸው ናቸው። እናትን ማጠብ የሴት ልጅ ሥራ ነው ሲባል ሰምቼ ያደግሁ ሰው ነበርሁ፤ ዐይኔን ጨፍኜ ማጠብ ጀመርሁ፥ በኋላም ዐይኔን ገለጥሁ። ሰውነት ሰውነት ነው። ወንድ ልጅ ይህን ማድረግ አይችልም የሚል ሰው ቢኖር፥ አይችልም ሳይሆን አይፈልግም ብሎ ይናገር።

አሁን ወደ ክርክሬ ልግባ። ክርክሬ ከአራት ዓይነት ሰዎች ጋራ ነው፤ አራተኛው እኔ ራሴ ነኝ።

መጀመሪያ ከጠያቂው ጋራ ነው። በሽተኛ መጠየቅ መልካም ልማድ ነው፥ ማንም አይነቅፈውም። ነገር ግን ጠያቂያችን እንዴት አድርጎ ይጠይቃል? በአንድ እሑድ ቀን 23 ሰው ወደ ቤቴ መጣ፤ እንደ አሮጌ የሒሳብ አስተማሪ ቆጥሬ ነው የምናገረው። ሁሉም «መምህር፥ እግዜር ይማርልዎ» አለኝ። ሁሉም ተቀመጠ። ስለ ተቀመጠም ቡና መፍላት አለበት፥ ቆሎ መቅረብ አለበት፥ ወንበር ከጎረቤት መዋስ አለበት። ከዚያ ወሬው ይጀመራል፤ እገሌም እንዲህ ሆኖ ሰነበተና ሞተ፥ የእገሊት እናትም በዚሁ በሽታ ዓመት ሳትሞላ አለፈች ይባባላሉ። እናቴ አንደበቷ እንጂ ጆሮዋ አልተዘጋም ነበር። ከ23ቱ መካከል «ትናንት ማታ ተኝተዋል?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። አንድም ሰው አንሶላ አንሥቶ አላጠበም። በሽተኛን ጠይቆ አስታማሚን አድክሞ የሚሄድ ሰው ምን ሠርቶ ሄደ ይባላል? ስሙ በመጣው ሰው ዝርዝር እንዲመዘገብለት መጥቶ እንደ ሆነ እንጃ። ነገ እሱ ሲታመም ብድሩ እንዲመለስለት ይሆናል፤ ብድሩም በቡና ይመለስለታል።

(እዚህ ላይ አንድ የሰዋስው ነገር ላንሣ። «አስታመመ» የሚለው ግሥ «ታመመ» ከሚለው የወጣ ነው። የቋንቋ ሊቃውንት አገባቡን በሌላ መንገድ ይተነትኑት ይሆናል፤ እኔ ግን በ14 ወር የተረዳሁት ከበሽተኛው ጋራ አብሮ መታመም ማለት እንደ ሆነ ነው። ቋንቋው ያወቀውን ነገር ተናጋሪዎቹ ረሳነው።)

ሁለተኛው ክርክሬ በሩቅ ካለ ወንድምና እኅት ጋራ ነው። እኛ አራት ነን። አንዱ ወንድሜ አዲስ አበባ፥ ሁለተኛው በመተማ በኩል የሰሊጥ ንግድ ላይ፥ እኅታችን ደግሞ አሜሪካ ናት። እውነቱን ለመናገር እኅቴ ገንዘብ ላከች፤ ፍራሽና ዳይፐር የተገዛው በእሷ ገንዘብ ነው፥ ይህን የማልናገር ብሆን ግፍ ይሆንብኛል። ግን በስልክ ምስል ስትደውል የምትለው «ካሜራውን ወደ እማዬ አዙረው» ነበር። አዞርሁ። አሥራ አራት ወር ወደ እናቴ አዞርሁ፤ ወደ እኔ አንድ ቀን ተመልሶ ቢሆን ኖሮ እኅቴ ወንድሟን አትለየውም ነበር። የአዲስ አበባው ወንድሜ ደግሞ በየሳምንቱ እየደወለ «አንተ ዕድለኛ ነህ፥ ምርቃቷን ብቻህን ወሰድህ» ይለኝ ነበር። ይህ ቃል በአገራችን በጣም የተወደደ ቃል ነው። ያልመጣ ሰው የመጣውን በምርቃት ይከፍለዋል። ምርቃት ርስት ከሆነ ለምን በእኩል አንካፈለውም? መሬት ቢሆን ኖሮ እኮ ድርሻዬ ብሎ በማግሥቱ ይደርስ ነበር!

ከ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ጀምሮ ልጅ ወላጁን የመጦር ግዴታ በሕጋችን ተጽፎ ይገኛል። ግዴታው ለአንዱ ልጅ ብቻ የተጻፈ አይደለም፥ በቅርብ ያለው ይሸከመው፥ ያላገባችው ይሸከሟት አይልም። እኛ ግን ከሕጉ በላይ የሆነ ያልተጻፈ ሕግ አውጥተናል፤ በቤቱ ካሉት ልጆች አንዱ፥ አብዛኛውን ጊዜም የመጨረሻዋ ሴት ልጅ፥ ለወላጆቿ ትዳር ሆና እንድትቀር እንፈርድባታለን። ከዚያ «ጥሩ ልጅ» ብለን እናሞግሳታለን። ወላጆቿ ሲሞቱ ዕድሜዋ አልፏል፥ ትምህርቷ ተቋርጧል፥ በቤቱም ላይ ወንድሞቿ ውርስ ይከስሷታል። ይህንን በዐይኔ ያየሁት አንድ ቤት ብቻ አይደለም።

የአዲሱ የአሠሪና ሠራተኛ ሕግም፥ አዋጅ ቁጥር 1156 የሚባለው የ2011 ዓ.ም. ማለቴ ነው፥ የእኛን ጠባይ እንደ መስታወት ያሳያል። ወላጅ ሲሞትበት ለሠራተኛ ሦስት የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋራ ፈቃድ ይሰጠዋል። ወላጁ በሕይወት ሳለ፥ በጣር ላይ ሳለ፥ ውሃ የሚያጠጣው ሰው ሲፈልግ ግን፥ ከባድ ችግር ደርሶብኛል ብሎ ያለ ደመወዝ አምስት ቀን፥ እሱንም በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ይጠይቅ ይላል። ለሬሳ ደመወዝ አለ፥ ለነፍስ የለም። ሕግ አውጪዎቹን ብቻ አልወቅስም፤ ያወጡት የምናከብረውን አይተው ነው።

ሦስተኛው ክርክሬ ከእድር ጋራ ነው፥ በዚህ ላይ ጥቂት እቆያለሁ።

እናቴ በሞተች ዕለት የእድሩ ድንኳን ፀሐይ ሳትወጣ ተተከለ። ያ ሁሉ ወንበር፥ ያ ሁሉ ድስት፥ ያ ሁሉ ጉልበት ከየት መጣ ብዬ ተደነቅሁ። ሦስት ሌሊት ሰው ከቤቴ አልጠፋም፤ ሰው ብቻውን ማደር የለበትም ተብሎ በዙሪያዬ ሰባትና ስምንት ሰው ተኛ። እኔም በመካከላቸው ተኝቼ፥ ኀዘንተኛው እኔ፥ እንደ ድንጋይ እንቅልፍ ወሰደኝ። ጎረቤት «ኀዘኑ አልከበደውም» ብሎ ሳያማኝ አልቀረም። ወንድሞቼ መጡ፥ እኅቴም በአውሮፕላን ጎንደር ደርሳ መጣች። ለአርባዋ ሁለት በሬ ታረደ፤ ዋጋው 90,000 ብር ነበር። እንግዲህ ሒሳብ እንሥራ። በዚያ ዘመን በወር 2,500 ብር የሚከፈላት አንዲት ሴት የሌሊት ተራ ብትይዝልኝ ኖሮ የ14 ወር ደመወዟ 35,000 ብር ይሆን ነበር። የሁለት በሬ ዋጋ ሠራተኛዋን ከፍሎ 55,000 ብር ይተርፈው ነበር ማለት ነው። ገንዘብ አልነበረንም የሚል ሰው በዚህ ሒሳብ ላይ መልስ ይስጠኝ። እናቴ የበሬውን ሥጋ አልቀመሰችም። «ከሞቱ አሟሟቱ» እያልን የምንተርት ሕዝብ ለሞቱ ደግሰን አሟሟቱን ለአንድ ሰው ጥለንበት ሄድን።

«እድር ለሞተ ሰው ነው» ይሉኛል። ማን ነው ያለው? በ1990ዎቹ ዓ.ም. ኤች አይ ቪ ኤድስ አገራችንን ሲያራቁት፥ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች አያሌ እድሮች ተሰብስበው መከሩ። በየሳምንቱ መቅበር ሣጥናቸውን ባዶ አደረገው፤ ስለዚህ ሰው ሳይሞት መድረስ እንዳለባቸው ገባቸው። ከአባሎቻቸው በጎ ፈቃደኞች መርጠው፥ ሥልጠና እንዲያገኙ አድርገው፥ በሽተኛ ካለበት ቤት እየሄዱ እንዲያጥቡ፥ እንዲያበሉ፥ አልጋ እንዲያነጥፉ አደረጉ፤ ወላጅ ለሞተባቸው ልጆችም አሰቡ። የበሽታው መድኃኒት በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረው ዘመን የማስታመም ዘመን ነበር፥ እድሮቹም አስታመሙ። እንግዲህ በእድር ባሕርይ ውስጥ የሚከለክል ነገር የለም። የሚከለክለው የእኛ ስንፍና ነው።

የጤና ኤክስቴንሽን ሥራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ትልቅ ነገር አደረገ፤ የገጠር ቀበሌ በአማካይ ሁለት የሠለጠኑ ሴት ልጆች አገኘ፥ የሕፃናትም ሞት ከቀነሰበት ምክንያት አንዱ እሱ ነው። ዳሩ ግን ሲጀመር ከነበሩት 16 የሥራ ክፍሎች ውስጥ ስለ መጸዳጃ፥ ስለ ክትባት፥ ስለ ወባ፥ ስለ ወሊድ ተጽፎ ነበር፥ ስለሚሞት ሰው ግን ለብቻው የወጣ ክፍል አልነበረም። መወለድን በመንግሥት ደረጃ አሰብንበት፥ መሞትን ለቤተሰብ ተውነው፤ ቤተሰብም ለአንድ ሰው ተወው።

«ይህ የፈረንጅ ሐሳብ ነው፥ ሚሲዮን ያስተማረህ ነው» ያለኝ ሰው አለ። ስለ ፈረንጅ ከተነሣ እንግዲህ ልንገረው። ሲስሊ ሳንደርስ የምትባል እንግሊዛዊት ነርስ ነበረች፤ የሚሞቱ ሰዎች በሆስፒታል ጥግ ተረስተው በሥቃይ ሲያልፉ አይታ፥ ሐኪሞች ቃሏን እንዲሰሙ ራሷ ሕክምና ተማረች፥ በ1967 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ሴንት ክሪስቶፈር የተባለውን የማስታመሚያ ቤት ከፈተች። ሥቃይ የሥጋ ብቻ እንዳልሆነ፥ የመንፈስም፥ የቤተሰብም፥ የኑሮም እንደ ሆነ አስተማረች፤ ስለዚህ ቤተሰቡም እንደ በሽተኛው ይታሰብለታል። በአገራችንም ሲስተር ጽጌረዳ ይስፋወሰን በ2003 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ሆስፒስ ኢትዮጵያን መሠረቱ፤ ነርሶቹ በሽተኛውን በቤቱ እየሄዱ ያዩታል፥ ሥቃይ የሚያስታግስ መድኃኒት እንዲያገኝ ያደርጋሉ፥ ቤተሰቡንም እንዴት እንደሚያስታምም ያስተምራሉ። እኔ በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥን በቁስል የተማርሁት ሰው፥ ይህን ስሰማ ቅናት አደረብኝ። ግን ተቃዋሚዬ ሆይ፥ ፈረንጁን ተወው። ማሽላ ሲደርስ በደቦ አናጭድምን? ዛሬ ለአንተ ነገ ለእኔ ብለን ጉልበት አንበዳደርምን? ለማሽላ ያወጣነውን ሥርዓት ለእናት ብናደርገው የፈረንጅ የሚሆነው እንዴት ነው? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ያሉት አባቶቻችን የየትኛው ሚሲዮን ተማሪዎች ነበሩ?

አሁን ወደ አራተኛው፥ ወደ ራሴ እመለሳለሁ። ይህንን ባልጽፈው ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ሌላውን ነቅፎ ራሱን የሚያልፍ ጸሐፊ አልወድም።

በስምንተኛው ወር፥ በሰኔ፥ አንድ ሌሊት እናቴ ለሰባተኛ ጊዜ ጠራችኝ። ተነሣሁ። የምትፈልገው ነገር አልነበረም፥ መኖሬን ለማወቅ ነበር የጠራችኝ። ጮህሁባት። ልብሷን ስትጎትተኝ ደኅነኛ የሆነውን ግራ እጇን ይዤ ከልብሴ አስለቀቅሁ፥ በኃይል አስለቀቅሁ። ጠዋት ሳያት አንጓዋ ላይ የጣቶቼ ምልክት ነበረ። በዚያች በተሳሰረች ምላሷ «ደከመህ፥ ልጄ?» አለችኝ። በ14 ወር ውስጥ ይህን ጥያቄ መጀመሪያ የጠየቀችኝ እሷ ናት። ከቤት ወጥቼ አለቀስሁ፤ ስመለስም በልቤ «ምነው ዛሬ ባረፈች» የሚል አሳብ ይዤ ነው የተመለስሁት።

ወጣቶች ሆይ፥ ይህን አሳብ ብዙ አስታማሚ ያስበዋል፥ የሚናገረው ግን የለም። ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ ጥሩ ልጅ ሲለኝ የሌባ ያህል እሸማቀቅ ነበር። ዛሬ የሚመስለኝ እንዲህ ነው፤ አሳቡ የመጣው ከፍቅር ማነስ አይደለም፥ ከእንቅልፍ ማነስ ነው። «ወላጅን መጦር አያደክምም» እያለ የሚሰብክ ሰው ግን አስታማሚውን ሁለት ጊዜ ይበድለዋል፤ አንድ ጊዜ ብቻውን በመተው፥ ሁለተኛ ጊዜ ድካሙን ኃጢአት በማድረግ። ደከመኝ ማለት የተፈቀደለት ሰው እርዳታ ይጠይቃል። ያልተፈቀደለት ግን በሌሊት የእናቱን እጅ ይጠመዝዛል።

እርዳታም በሬ ላይ ቆሞ ነበር፤ በደሌ ይህ ነው። ከጎረቤት አንዲት ጠላ እየሸጠች የምትኖር ባልቴት በሦስተኛው ወር መጥታ «ልጠብላቸው፥ እርስዎ ጋደም ይበሉ» ብላኝ ነበር። «የለም፥ እናቴ የእኔ ናት» ብዬ መለስኋት። በትዕቢት ነው የመለስኋት። ብቻዬን ቻልሁት መባልን ወድጄ ነበር። ሳልነግራት፥ ከዚያች ከሰኔዋ ሌሊት በኋላ በሦስተኛው ቀን እንደገና መጣች፤ ፊቴን አይታ ምንም ሳትጠይቀኝ አንሶላውን ሰብስባ ወደ ወንዝ ወረደች። ማታ ተመልሳ «ይሂዱ፥ ይተኙ፥ እኔ አለሁ» አለችኝ። ዘጠኝ ሰዓት ተኛሁ። ከዚያ እስከ መጨረሻው በየሳምንቱ ሁለት ሌሊት ያዘችልኝ፤ ገንዘብ ስሰጣት አልቀበልም አለች፥ በግድ ስኳርና ጨው ሆኖ ይደርሳት ነበር። በተዝካሩ ቀን ወንድሞቼ የፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ፥ እሷ ጓዳ ውስጥ ሽንኩርት ስትልጥ ዋለች። እኔም ወጥቼ እዚህ ተቀመጪ አላልኋትም። ይህም ይመዝገብብኝ።

ባለፈው ዓመት በእድራችን ስብሰባ ላይ ተነሥቼ፥ በእያንዳንዱ ሰፈር ዘጠኝ ቤት አንድ ላይ ሆኖ ለሚጣጣር በሽተኛ በተራ አንዳንድ ሌሊት ይያዝ፥ አንድ ቤት የሚደርሰው በዘጠኝ ቀን አንዴ ነው ብዬ ወረቀት አቀረብሁ። አብዛኛው ሳቀ። አንዱ ሽማግሌ «መምህር፥ ይህን ለትምህርት ቤት ያድርጉት» አለኝ። ሆኖም ከስብሰባው በኋላ አራት ሴቶችና ሁለት ወጣቶች ወደ እኔ መጡ። በሰፈራችን አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ሽባ የሆኑ አያቷን ብቻዋን ስታስታምም ከትምህርት ቀርታ ነበር፥ ከእሷ ቤት ጀመርን። ባልቴቷ ነች እንዴት እንደሚገላበጡ ለሁላችንም ያሳየችን። ከሁለቱ ወጣቶች አንዱ በሦስተኛው ወር ለሰሊጥ አጨዳ ሄደ፥ ሲመለስም ተራውን አልያዘም፤ አልቀየምሁትም፥ በእሱ ዕድሜ እኔም አልይዝም ነበር። አሁን ስድስት ነን፥ እኔን ጨምሮ። ልጅቱ ወደ ክፍሏ ተመልሳለች። ሽማግሌዋ ግን በጣም ደክመዋል፥ ከሰባቱ ሌሊት የሰኞው እስካሁን ሰው ስላልተገኘለት በዚያ ሌሊት ልጅቱ ብቻዋን ታድራለች፤ ማክሰኞ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት የምትሄደው ሳትተኛ ነው።